ስሙ የተፋቀ መኪና

የታሚያን ሎተስ 72ዲ ገዝቶ ሳጥኑን የሚከፍት ሰው የሚያገኘው መኪና አይደለም፤ የመኪና አጥንት ነው። ክፍሎቹ በፕላስቲክ ፍሬም ላይ እንደ ዘለላ ተንጠልጥለዋል። ጎማዎቹ ለብቻቸው ናቸው፣ ትንንሾቹ ብሎኖች በላስቲክ ከረጢት ታሽገዋል፣ መመሪያው በቁጥር ተራ በተራ ይመራችኋል። እያንዳንዷን ክፍል በመቁረጫ ትቆርጣላችሁ፣ ጠርዟን በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳላችሁ፣ በሙጫ ትገጥማላችሁ። ሙጫው ደግሞ እንደ ወረቀት ሙጫ መሃል ገብቶ የሚያጣብቅ አይደለም፤ ፕላስቲኩን ራሱን አሟምቶ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። እውነተኛው መኪና ከ4 ሜትር በላይ ይረዝም ነበር። ይሄኛው 12 ጊዜ ስለሚያንስ ከተማሪ ማስመሪያ ብዙም አይበልጥም።

ሞተሩ፣ ፍሬኑ፣ ራዲያተሩ፣ መሪው፣ ሁሉም አለ። ከሁሉም በኋላ የሚመጣው ግን አንድ ስስ ወረቀት ነው። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሲነከር ጽሑፉ ከወረቀቱ ይለቃል፤ ከዚያ በጥንቃቄ አንሸራታችሁ መኪናው ላይ ታሳርፉታላችሁ። ቁጥሩ፣ የጎማው ኩባንያ ምልክት፣ የወርቅ መስመሮቹ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ናቸው።

የኔ ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ወረቀት ላይ ነው። ይህ መኪና በ1972 ሲሮጥ በጎኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የሲጋራ ስም ነበር፦ ጆን ፕሌየር ስፔሻል። ሞዴሉ በ1970ዎቹ ለገበያ ሲወጣም በዚሁ ስም ነበር። በኋላ እንደገና ሲመረት ግን ሳጥኑ ላይ የሲጋራው ስም ቀርቶ «ቲም ሎተስ» ሆነ። በሲጋራ ገንዘብ የሮጡ የሌሎች መኪኖች ሞዴሎችም ብዙዎቹ እንደዚሁ ናቸው፤ ቀለሙ አለ፣ ስሙ የለም። በቪዲዮ ጌም ውስጥ የምትነዷቸው የድሮ ፎርሙላ ዋን መኪኖችም አብዛኛውን ጊዜ ስማቸው ተነስቶላቸው ነው የሚመጡት። የጎደለውን ጽሑፍ ለብቻው አትመው የሚሸጡ ትንንሽ አምራቾች ስላሉ፣ የፈለገ ሰው ገዝቶ ይጨምርበታል።

እንግዲህ ልለጥፈው ወይስ ልተወው?

«ኧረ ተወኝ፣ መጫወቻ ነው እኮ!» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ መጫወቻ ነው። ከመጫወቻው ሥር ያለው ጥያቄ ግን መጫወቻ አይደለም። ያለፈን ነገር መልሰን ስንሠራ፣ ክፉውንም ጭምር የመሥራት ግዴታ አለብን? ወይስ ክፉውን መልሶ መሥራት ማለት እንደገና ማገልገል ነው?

መኪናው እንዴት ፓኮ ሆነ?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ወደኛው ስመጣ እናገራለሁ።) እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ በግራንድ ፕሪ ውድድር የመኪና ቀለም የአገር ምልክት ነበር። የጣሊያን ቀይ፣ የእንግሊዝ አረንጓዴ፣ የፈረንሳይ ሰማያዊ። ሎተስም አረንጓዴ ነበር፤ መሃሉ ላይ ቢጫ መስመር ነበረው። በ1968 የንግድ ድርጅቶች መኪናውን በራሳቸው ቀለምና ስም እንዲያስጌጡ ተፈቀደ። የሎተሱ መሥራች ኮሊን ቻፕማን ጊዜ አላጠፋም። መኪኖቹ ጎልድ ሊፍ የተባለውን የሲጋራ ፓኮ ቀለም ለበሱ፤ ቀይ፣ ነጭና ወርቃማ። በ1972 ያው የሲጋራ ኩባንያ ሌላ ምርቱን ማስተዋወቅ ፈለገ፤ ፓኮው ጥቁር፣ ጽሑፉ ወርቃማ። መኪናውም ጥቁርና ወርቃማ ሆነ።

እኛ ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። የዚህን መኪና ስም ግን ያወጣው የትምባሆ ፋብሪካ ነው። በዚያ ዓመት የእንግሊዝ ግራንድ ፕሪ ራሱ «ጆን ፕሌየር ግራንድ ፕሪ» ይባል ነበር። በሲጋራ ስም የተጠራውን ውድድር በሲጋራ ስም የተጠራው መኪና አሸነፈ። የነዳው ብራዚላዊው ኤመርሰን ፊቲፓልዲ ሲሆን በዚያው ዓመት በ25 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ለምን ሲጋራ? ለምንስ በዚያ ጊዜ? በ1950 ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ሲጋራን ከሳንባ ካንሰር ጋር የሚያያይዝ ጥናት አወጡ። በ1962 የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር፣ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ፊዚሽያንስ፣ ሲጋራ እንደሚገድል በይፋ ሪፖርት አቀረበ። በ1965 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የሲጋራ ማስታወቂያ ተከለከለ። ከሦስት ዓመት በኋላ መኪኖቹ የፓኮ ቀለም ተቀቡ። ቴሌቪዥኑ ሲጋራን ማስተዋወቅ ባይችልም ውድድር ማሳየት ይችላል፤ መኪናው ባለፈ ቁጥር ፓኮው ያልፋል። በበር ሲከለከል በመስኮት ገባ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሲጋራ ጉዳት ገና ያልታወቀበት ዘመን እንዳልነበረ ልብ በሉ። ታውቆ ነበር። «ያኔ ማን ያውቅ ነበር?» የሚለው ማስተባበያ እዚህ ቦታ የለውም።

ሁለቱ ቀላል መልሶች

ለጥያቄው ሁለት ቀላል መልሶች አሉ። ሁለቱም መጀመሪያ ሲሰሙ ልክ ይመስላሉ፤ ጠጋ ብለው ሲያዩዋቸው ግን አይቆሙም።

የመጀመሪያው የሞዴል ሠሪዎች መልስ ነው፦ «እኔ የሠራሁት እንደነበረ ነው። መኪናው ላይ ስሙ ነበረ፤ ስለዚህ ለጠፍኩት።» ደስ የሚል መልስ ነው፤ ከኃላፊነት ነፃ ያወጣል። ግን እውነት ነው? ሞዴላችን መቼ እንደነበረ ሆኖ ያውቃል?

የሎተስ 72ን የፊት ፍሬን እንውሰድ። በአብዛኛው መኪና ፍሬኑ ያለው ጎማው ጋ ነው። በዚህ መኪና ግን የፊት ፍሬኖቹ ወደ ሰውነቱ ውስጥ ገብተዋል፤ ከጎማው ጋር የሚያገናኛቸው ዘንግ ነው። ሐሳቡ ጎማው ላይ የሚንጠለጠለውን ክብደት ለመቀነስ ነበር። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1970፣ በሞንዛ፣ ለውድድሩ ልምምድ ሲደረግ ከነዚህ ዘንጎች አንዱ በዮከን ሪንት መኪና ላይ ተሰበረ። መኪናው ከመንገዱ ወጥቶ ከብረት አጥሩ ጋር ተጋጨ። ሪንት እሳት ቢነሳ ቶሎ ለመውጣት ሲል በእግር መካከል የሚያልፈውን ማሰሪያ አያስርም ነበር፤ በግጭቱ ወደ ታች ተንሸራተተና ቀበቶው ራሱ ጎዳው። ሞተ። በዚያ ዓመት የሰበሰበውን ነጥብ የሚደርስበት ስላልተገኘ ከሞተ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን ተባለ። እስከዛሬ ብቸኛው ነው። ያኔ መኪናው የለበሰው ቀይ፣ ነጭና ወርቃማውን ቀለም ነበር፤ ጥቁሩ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

የዚያች ዘንግ አምሳያ በሳጥኑ ውስጥ አለች። ክብሪት እንደማከል ያለች ፕላስቲክ ናት፤ ተቆርጣ በቦታዋ ትገጠማለች። መመሪያው ስለ ሞንዛ የሚለው ነገር የለም፤ እንዲልም አንጠብቅም። የተሰበረ ሪንት መኪና የሚሠራ ሰው አላየሁም። ብዙዎቻችን መቀመጫውን ባዶ እናደርገዋለን፤ ዘይቱን፣ ጥላሸቱን፣ ደሙን እንተዋለን። መኪናውን ከመንደርደሩ በፊት ባለችው ንጹሕ ደቂቃ ላይ እናቆመዋለን።

ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። ማንኛውም ሥዕል፣ ማንኛውም ፎቶ፣ ማንኛውም ታሪክ የሚመርጠውና የሚተወው አለው። ግን ከዚህ የሚከተል ነገር አለ። መምረጤ ካልቀረ «እንደነበረ ሠራሁት» ብዬ ማምለጥ አልችልም። ሞቱን ትቼ ማስታወቂያውን ከለጠፍኩ፣ የለጠፍኩት ስለፈለግሁ ነው። ምክንያቱን እኔ ልናገር እንጂ መኪናው አይናገርልኝም።

ሁለተኛው ቀላል መልስ የአምራቾቹ ነው፦ «ስሙን አነሳነው፣ ጉዳዩ አለቀ።» ይሄኛው የባሰ ነው። ስሙ ሲነሳ ማስታወቂያው ይነሳል የሚለው ግምት ስህተት እንደሆነ ከሁሉ በፊት የሚያውቁት የሲጋራ ኩባንያዎቹ ናቸው። ጆርዳን የተባለው ቡድን ቤንሰን ኤንድ ሄጅስ በተባለ ሲጋራ ገንዘብ ቢጫ መኪና ይነዳ ነበር። የሲጋራ ማስታወቂያ በተከለከለበት አገር ሲወዳደሩ፣ በ1998 ለምሳሌ፣ ፊደሎቹን ቀያይረው «በዚን ሆርኔትስ»፣ ማለትም ጢዝ የሚሉ ተርቦች፣ ብለው ጻፉበት። ቢጫው ያው ቢጫ ነበር፣ ያየውም ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ገባው። ማርልቦሮ ከፌራሪ ላይ ስሙ ሲነሳ ደግሞ በቦታው ቀይ፣ ነጭና ጥቁር መስመሮች ያሉት እንደ ባርኮድ ያለ ምልክት ገባ። ሐኪሞች «ይሄ የተደበቀ ማስታወቂያ ነው» ብለው ተቃወሙ፣ ፌራሪ አይደለም አለ፣ በመጨረሻ ግን በ2010 አነሳው።

ስለዚህ ስም የሌለው ጥቁርና ወርቃማ መኪና ዝም ያለ መኪና አይደለም። የሚያስተዋውቀው ውበቱ ነው፤ ውበቱ ደግሞ አልተነካም።

የተፋቀው ምንድን ነው?

እንግዲህ ስሙ ሲፋቅ በእውነት የሚጠፋው ምንድን ነው? ሳስበው ሳስበው የምደርስበት መልስ አንድ ነው፤ የሚጠፋው የከፋዩ ማንነት ነው።

ውበቱን አልክድም። ሎተስ 72 እንደ ሽብልቅ ወደ ፊት የሾለ፣ ራዲያተሮቹ ከአፍንጫው ወደ ጎንና ጎኑ የሄዱለት፣ ከዚያ ወዲህ ለመጡት የእሽቅድድም መኪኖች መልክ የሰጠ ሥራ ነው። ከ1970 እስከ 1975 ድረስ ሮጧል፤ 20 ግራንድ ፕሪ አሸንፏል። ጥቁሩ ላይ የወርቁ መስመር ሲያርፍ ዐይን ይይዛል። ግን ይህ ውበት ሒሳብ አለው። ሒሳቡን የከፈለ አንድ ድርጅት ነበር፤ ለዚያ ድርጅት ደግሞ በየቀኑ ከኪሱም ከሳንባውም የሚከፍል አጫሽ ነበረው። የዓለም ጤና ድርጅት ትምባሆ በዓመት ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን እንደሚገድል ይናገራል። ከነዚህም ውስጥ ራሳቸው የማያጨሱ፣ ከሌላው ጭስ የተነሳ የሚሞቱ አሉ።

ስሙን ስናነሳ ውበቱን አስቀርተን ሒሳቡን ቀደድነው ማለት ነው። መደርደሪያ ላይ የሚቀረው መኪና ከየትም ያልመጣ፣ ማንም ያልከፈለበት፣ ንጹሕ የብልሃት ሥራ ይመስላል። በዚህ የሚጠቀመው ማን ነው? ሕፃኑ ነው ይባላል። እኔ ግን ከሕፃኑ ይልቅ ኩባንያው የተጠቀመ ይመስለኛል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በዚያ ጉዳይ ላይ ስሙ እንዳይነሳለት የሚፈልግ ድርጅት ቢኖር፣ ከዚህ የተሻለ ውለታ ማን ይውልለታል?

ከኛ አገር ነገር ጋር ላገናኘው። በኛ አቆጣጠር በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የትምባሆ ማስታወቂያንና ስፖንሰርነትን ይከለክላል። የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ የወጣውም በዚሁ አዋጅ ነው፤ ትዝ ይላችኋል፣ በየፕሮግራሙ መሃል ያ ሁሉ ጭፈራ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። አዋጁ ግን ከማገድ ሌላ ያደረገው ነገር አለ። የሲጋራ ፓኮ ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት የሚያሳይ ሥዕል እንዲታተም አዘዘ፤ ከፓኮው ገጽ 70 በመቶውን የሚሸፍን። ይህን ልብ በሉ። ሕጉ ፓኮውን ባዶ ነጭ አላደረገውም። ስሙን ትቶ ከጎኑ ሒሳቡን አስቀመጠ። ስምን ማጥፋትና ስምን ከሥራው ጋር ማስቀመጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ከዚህ የበለጠ የሚያሳየኝ ነገር የለም።

ባዶ ቦታ አይጠየቅም

አሁን ከባዱን ተቃውሞ ላንሳ። «ይሄ ሁሉ ለአንተ ነው፤ አንብበሃል፣ ታውቃለህ። ቤትህ የሚመጣ የ10 ዓመት ልጅ ግን የሚያየው ቆንጆ ጥቁር መኪናና ወርቃማ ስም ብቻ ነው። ያ ስም በልጁ ራስ ውስጥ ከፍጥነትና ከድል ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ኩባንያው በ1972 የፈለገው እኮ ይሄንኑ ነው። አንተ በነፃ ትሠራለታለህ!»

ተቃውሞው ትክክል ነው። ለዚህም ነው አምራቹ ለልጆች ጭምር በሚሸጥ ሳጥን ውስጥ ስሙን እንዳይጨምር የሚያደርገውን ሕግ የማልቃወመው። ሱቅ ውስጥ ያለ ሳጥን ማንንም አያስረዳም፤ ይሸጣል እንጂ። ከጎኑ ቆሞ የሚናገር ሰው የለም። አውሮፓ ውስጥ በ2005 በሥራ ላይ የዋለው የስፖንሰርነት እገዳም ቢሆን ከዚህ በፊት መምጣት ነበረበት ባይ ነኝ።

ቤት ውስጥ ግን ነገሩ ይለያል። ልጁ መኪናውን አይቶ «ጆን ፕሌየር ማነው? ሾፌሩ ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንበል። በጣም ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የሰው ስም ነውና ሾፌር ይመስላል። መልሱም ቀላል ነው። አይደለም፣ ሾፌሩ ፊቲፓልዲ ነው። ጆን ፕሌየር በ19ኛው መቶ ዓመት ኖቲንግሃም በተባለ የእንግሊዝ ከተማ የትምባሆ ፋብሪካ የነበረው ሰው ነው። ታዲያ ስሙ ለምን መኪና ላይ ተጻፈ? ፋብሪካው ስለከፈለ። ለምን ከፈለ? በቴሌቪዥን ሲጋራ ማስተዋወቅ ስለተከለከለ። ለምን ተከለከለ? ሰው ስለሚገድል። አራት ጥያቄ፣ አራት መልስ። ልጁ ከዚህ ንግግር ሲወጣ ያወቀው ስለ ሲጋራ ብቻ አይደለም። የሚያምር ነገር ሲያይ «ማን ከፈለበት?» ብሎ መጠየቅንም ተምሯል። ይህን ጥያቄ ዛሬ የሚወደው ቡድን ማሊያ ላይ ስላለው የቁማር ድርጅት ስም፣ ነገ ደግሞ ገና ስላልመጣ ነገር ይጠይቀዋል።

ስሙ የሌለበት መኪና ይህን ንግግር አያመጣም። ባዶ ቦታን ማንም «አንተ ማነህ?» ብሎ አይጠይቀውም።

ማስታወቂያንና ምስክርነትን የሚለያቸው እዚህ ላይ ነው። ፊደሎቹ ያው ፊደሎች ናቸው፣ ወርቁም ያው ወርቅ ነው። ማስታወቂያ ስሙን አሳይቶ ሒሳቡን ይደብቃል። ምስክርነት ስሙን ከሒሳቡ ጋር ያስቀምጣል። ስም የማንሳቱ ሥራ ደግሞ ሒሳቡንም ስሙንም ደብቆ ውበቱን ብቻ ይተዋል። ከሦስቱ እውነተኛው ሁለተኛው ነው፤ ግን ሁለተኛው ብቻውን አይቆምም፣ ሰው ይፈልጋል። ተለጣፊው ወረቀት ምስክር መሆን አይችልም። ምስክሩ የለጠፈው ሰው ነው።

ስለዚህ የኔ መልስ ቅድመ ሁኔታ ያለው መልስ ነው። እለጥፈዋለሁ፤ የለጠፈ ሰው ግን ሲጠየቅ የመመለስ ዕዳ ገብቶበታል። ፎቶ አንስቶ ኢንስታግራም ላይ «ምርጥ መኪና» ብሎ የሚለጥፍና ሌላ ቃል የማይናገር ሰው ስሙን ባይጨምርበት ይሻላል፤ ለእርሱ ባዶው ቦታ ከማስታወቂያው ያነሰ ጉዳት አለው። ለመናገር የተዘጋጀ ግን ይለጥፍ፣ ስለሞንዛም ስለ1965ም ይናገር። ውበቱንም ይናገር፤ ውበቱን ደብቆ ክፉውን ብቻ የሚያወራ ሰውን ልጅ አያምነውም፣ ባያምነውም ልክ ነው።

ያለፈው ዘመን ላይ ፈራጅ ሆነን ለመቀመጥ ሁላችንም እንቸኩላለን። አንዳንዶቻችን የማንወደውን እንፍቃለን፣ ሌሎቻችን «ታሪክ ነው፣ አትንኩት» ብለን ዘብ እንቆማለን። ሁለቱም ወገን የሚሸሸው አንድ ሥራ ያለ ይመስለኛል፤ ከነገሩ አጠገብ ቆሞ ማስረዳት። መፋቅ አንድ ጊዜ ነው፣ መለጠፍም አንድ ጊዜ ነው። ማስረዳት ግን ጠያቂ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ የሚሠራ፣ አንዳንዴም የሚሰለች ሥራ ነው። ካለፉት ሰዎች የወረስነው ዕዳም በአብዛኛው ይኸው ነው።